የጉድጓዱ ወንፈል

ለሥልጠና የተመረጥኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ጎበዝ ነኝ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። የተመረጥኩት ወጥቼ ብቀር የሚያለቅስልኝ ሰው ጥቂት ነው ተብሎ ነው።

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በራዲዮ በተነገረ ሰሞን ከአውራጃው አንድ መመሪያ መጣ። እያንዳንዱ የገበሬ ማህበር ለሥራ ብቁ የሆኑ አንድ ወንድና አንዲት ሴት መርጦ ለስድስት ወር የእጅ ሙያ ሥልጠና እንዲልክ ያዛል። ሊቀመንበራችን አባይነህ መመሪያውን ለስብሰባው ሲያነብ «ለሥራ ብቁ» የሚለው ላይ ሲደርስ ወላጅ ሁሉ ልጁን በዓይኑ ፈለገ። የእኛ አገር ሰው ጠርጣራ ነው። መንግሥት ጤነኛና ጠንካራ ሰው ስጡኝ ሲል አናጢነትና ሽመና ሊያስተምርልን ነው ብሎ የሚያምን ሞኝ ከጓሳ እስከ ራቤል ቢፈለግ አይገኝም ነበር። በማግስቱ የመንደሩ ጎረምሳ በሙሉ «የሣር ጥበቃ ተራዬ ነው» እያለ ወደ ጓሳ ወጣ። የጓሳ ሣር እንደዚያ ሰሞን ተጠብቆ አያውቅም።

ስለዚህ የሚተርፍ ሰው ተፈለገ። ከወንድ ወዳጆ ተመረጠ፤ ልጅ ሳለ ከገደል ወድቆ አንድ እግሩ አጥሮ የቀረ ነው። «እሱን ሠራዊቱ ራሱ ይመልስልናል» ተባለ። ከሴት ሲባል ደግሞ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ባሌን ፈትቼ ወንድሜ ወሰኔ ቤት ገብቻለሁ፤ ልጅ የለኝም፤ ምላሴ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ነው። ወንድሜን ቀና ብዬ አየሁት። መሬት መሬት ያያል። ሆድ ባሰኝ። ቢሆንም አላለቀስኩም፤ ተነሥቼ «እሄዳለሁ» አልኩ። አባይነህ ገና ሊለምነኝ አፉን ከፍቶ ስለነበር እንደከፈተ ቀረ።

መሄድ የፈለግሁት ለምን እንደሆነ ያን ቀን ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁን ልናገር። በመንዝ የበግ ጠጉር የሚፈትለው ሴት ነው። ክረምት ከበጋ፣ ስናወራም፣ ስናዝንም፣ መንገድ ስንሄድም እንዝርት ከእጃችን አይወርድም። የሚሸምነው ግን ወንድ ነው፤ ከጠጉሩ የተሸመነውን ብርድ ልብስ፣ ባናውን፣ ተሸክሞ ገበያ የሚወጣውም፣ ከገበያ ሲመለስ «ባናዬን ሸጥኩ» የሚለውም እሱ ነው። ባሌ ሸማኔ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ከፈተልኩት ባና አንዲት ጠቦት ግዛልኝ ብለው ሳቀ። ቢቆጣ ኖሮ ምናልባት አብረን እንኖር ነበር። ስለሳቀ ፈታሁት። ከዚያ ወዲህ የምመኘው አንድ ነገር ነው፤ የፈተልኩትን ራሴ ሸምኜ፣ ራሴ ተሸክሜ፣ ራሴ «ባናዬን ሸጥኩ» ማለት።

ሥልጠናው እንደተባለው ሥልጠና ሆኖ ተገኘ። ወዳጆ እንኳ ለመጀመሪያው ሳምንት ጠመንጃ እስኪሰጡት ሲጠብቅ መጋዝ ሰጡት። አሁን ዓለም ከተማ ውስጥ አልጋ ይሠራል፤ ጓሳ ከወጡት ጎረምሶች ሁሉ የተሻለ ኑሮ ይኖራል። እኔን ግን የመዘገበኝ ሰው ሳይጠይቀኝ ጥልፍና የምግብ ዝግጅት ክፍል ከተተኝ።

«ሽመና ነው የምፈልገው» አልኩት።

«ጓዲት፣ ሽመና የወንዶች ክፍል ነው።»

«መመሪያው ሠልጣኙ በመረጠው ሙያ ይላል። ሊቀመንበራችን ሲያነብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሰውዬው መመሪያውን አወጣና አነበበ። መልሶ አነበበ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አስተማሪውን አስጠራ። አስተማሪው አቶ ጫኔ የሚባሉ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ጉድጓዱስ?» አሉ።

ጉድጓድ የሚሉት ሸማኔው የሚቀመጥበትን ነው። ሸማኔ መሬት ቆፍሮ እግሩን ከታች ይዘረጋል፤ ድሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው እዚያ ታች በእግሩ እየረገጠ ነው። ሴት ልጅ በሰው ፊት እግሯን ከፍታ ጉድጓድ መግባቷ ነውር ነው። በእኛ መንደር ደግሞ ሴት ጉድጓዱን ከረገጠች ድሩ ይበጣጠሳል፣ የሸማኔውም እጅ ይደነዝዛል ይባላል። ወጥቼ ከወዳጆ አሮጌ ሱሪ ተዋስኩ፤ ከቀሚሴ ሥር ለብሼ መጣሁና ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው ድሩን አዩ፤ አልተበጠሰም። እጃቸውን አዩ፤ አልደነዘዘም። «እንግዲህ እግርሽን አታወዛውዢ» አሉና ማስተማር ጀመሩ።

በመጋቢት ወደ አገሬ የተመለስኩት ከነሽመና መሣሪያው ነው። ያ መሣሪያ የእኛ ሸማኔዎች ከሚሠሩበት በጣም ይሰፋል፤ እነሱ ጠባብ ጠባቡን ሠርተው ሰፍተው የሚያገጣጥሙትን ባና በአንድ ወርድ ያወጣል። ሲሰጡኝ ግን ቃል አስገብተውኛል። ሠልጥኖ የተመለሰ ሰው በቀበሌው አሥር ሰው ማሠልጠን አለበት፤ ሴት ከሆነች አሥር ሴት። ኅዳር ላይ ተቆጣጣሪ መጥቶ አሥሩን ሥራ ላይ ካላገኘ መሣሪያው ተነቅሎ ለሌላ ቀበሌ ይሰጣል። ይኸው ነው። ወይ አሥር ሴት፣ ወይ እንደገና እንዝርት።

አባይነህ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጠገብ ባዶ የእህል መጋዘን ሰጠኝ። ጉድጓዱን ራሴ ቆፈርኩ፤ መሣሪያውን ራሴ ተከልኩ። በሴቶች ማህበር ስብሰባ ተነሥቼ ሽመና መማር የሚፈልግ ይምጣ አልኩ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። የመጣ የለም። ሚያዝያ የመጣ የለም፤ ግንቦት የመጣ የለም። በር ላይ ቆመው የሚያዩኝ ነበሩ፤ ወደ ውስጥ ግን አንዲትም እግሯን አላነሣችም። «ባሌ ይገድለኛል» ትላለች አንዷ። «ልጄን ማን ያገባታል?» ትላለች ሌላዋ። የገዛ ወንድሜ ሚስት ጠጄ እንኳ «እኔስ በወደድኩ፣ ግን ጋሼ ኃይለመስቀልን ማን ይችላቸዋል?» አለችኝ።

ጋሼ ኃይለመስቀል የአገሩ ትልቅ ሸማኔ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በመጋዘኑ በር በኩል ያልፋሉ። አንድ ቀን ቆም አሉና ባናዬን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ሥራሽ ደህና ነው» አሉ። «ግን ሴቱ ሁሉ ጉድጓድ ከገባ የሚፈትለው ማን ነው?»

«የሚሸምነው ሰው ራሱ ይፈትላ!» አልኳቸው።

«እኔ ልፈትል?» አሉ፤ ከልባቸው ደንግጠው። ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለባሎች ሁሉ ምን እንዳሉ ባልሰማም፣ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ የሚያይ እንኳ ጠፋ።

ለአንድ ሳምንት ያህል በጣም ተናደድኩ። ለመንግሥት ልክሰስ ብዬ አስቤ ነበር። አባይነህ «በአዋጅ ላስገድዳቸው እችላለሁ» አለኝ፤ ደስ ብሎት ጭምር። ሴቶቹን በሚሊሻ እየነዳ ሲያመጣልኝ ታየኝና «ተው!» አልኩት። ተነድቶ የመጣ ሰው ተቆጣጣሪው ጀርባውን ሲያዞር እግሬ አውጪኝ ይላል። እኔም የምፈልገው ለአንድ ቀን የሚታይ ሴት ሳይሆን መሣሪያው ላይ የሚውል እጅ ነበር።

ያሰብኩት ጠጄ ጓሮ ተቀምጬ ነው። ጠጄ የጎረቤቷን ጠጉር እየፈተለች ነበር። «ምነው፣ ያንቺ አላልቅ እያለ የሰው የምትፈትይው?» ብላት፣ «ወንፈል ነዋ! ባለፈው እሷ ውላልኛለች» አለችኝ። በእኛ አገር ወንፈል ቀልድ አይደለም። አንድ ቀን ሥራዬ ላይ የዋለልኝ ሰው ሥራ ሲኖረው ሲጠራኝ እሄዳለሁ። የታመመ ሰው እንኳ ምትኩን ይልካል እንጂ አይቀርም። ባል ሚስቱን ከሠርግ ያስቀራል፣ ከገበያ ያስቀራል፤ ከወንፈል ያስቀረ ባል ግን እኛ መንደር አልታየም፤ ቢታይ በአጨዳው ቀን ብቻውን ይቆም ነበር። ደግሞ ወንፈል የጠራ ሰው ነው ሥራውን የሚያዝዘው። አጨዳም ቢል አጨዳ፣ አረምም ቢል አረም።

በማግስቱ እንዝርቴን ይዤ ከቤት ወጣሁ።

ክረምቱን ሙሉ ለአሥር ሴት ፈተልኩ። ዝናቡ ሲወርድ፣ ጉሙ በር ላይ ቆሞ አልሄድ ሲል፣ እኔ ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ ቤት ነው። «ወንፈል ልግባልሽ» እላለሁ፤ ጠጉር ተከምሮባት እምቢ የምትል ሴት የለችም። ጠጄ ጋ ዋልኩ። የሊቀመንበሩ የአባይነህ ሚስት ጋ ዋልኩ። በመጨረሻም ጋሼ ኃይለመስቀል ቤት ሄጄ ለሚስታቸው ለእትዬ አስካለ ማርያም ዋልኩላቸው። እትዬ አስካለ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለባላቸው የፈተሉ፣ ጣታቸው እንደ እንዝርቱ የደረቀ፣ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው። ጋሼ ኃይለመስቀል እዚያው ቤት ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው እየሸመኑ በጎን ያዩኛል። «ወደ ልብሽ ተመለስሽ» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለእኔ እንዴት እንደሚከብደኝ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሴቶቹ ለሽመናዬ ፈትል አንሶኝ የማጠራቅም መሰላቸው። ምን ልታሠሪን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ያልተጠየቅሁትን ደግሞ አልናገርም።

ጥቅምት ሲያልቅ ወሬው መጣ። ተቆጣጣሪው ጓድ አፈወርቅ የሚባል ነው፤ የሚመጣውም ኅዳር አሥራ ሁለት ነው። ራሴን ያዝኩ። ኅዳር ሚካኤል! በዚያ ቀን እንኳን ሊሸመን እንዝርት ከተሰቀለበት አይወርድም። ወንፈልም በበዓል አይጠራም። አባይነህን «ይለወጥልኝ» ብለው «አብዮቱ በዓል አያውቅም» አለኝና ወዲያው ዞር ብሎ አማተበ። ስንቄን ቋጥሬ አውራጃው ከተማ ወረድኩ።

ጓድ አፈወርቅ ወጣት ነው፤ መነጽር ያደረገ፣ ጉሮሮውን ብርድ የያዘው። ቢሮው በር ላይ ጠዋት ቆሜ ከሰዓት በኋላ አስገባኝ።

«ጓድ፣ በሚካኤል ዕለት ከመጡ የሚያዩት ባዶ ጉድጓድና እኔን ነው» አልኩት።

«እሺ፣ አሥራ ሦስትስ?»

«እግዚአብሔር አብ ነው።»

«አሥራ አራት?»

«አቡነ አረጋዊ ናቸው። በእኛ ደብር ግን በእሳቸው ቀን ይሠራል።»

መነጽሩን አወለቀ። «የሥራ ተሳትፎን በአዋጅ እናሳድግ እያልን እንለፋለን። እናንተ በወር ውስጥ መቼ ነው የምትሠሩት?»

«እሱን ወንዶቹን ይጠይቋቸው። እኛማ በበዓልም ውኃ እንቀዳለን።»

ሳቀ፤ ሲስቅ ሳሉ ተነሣበት። አሥራ አራት ይሁን አለ። ከቢሮው ወጥቼ ግንቡን ተደግፌ ትንሽ ቆምኩ። ለካ ፈርቼ ነበር።

ኅዳር አሥራ አራት ጠዋት አሥሩም ሴቶች መጡ። ወንፈል ነውና አንዲትም አልቀረች። ሁሉም እንዝርታቸውን ይዘዋል። ቂጣና ሽሮ አዘጋጅቻለሁ፤ ጠላውን ጠጄ ጠምቃልኛለች። ሴቶቹ መጋዘኑ ውስጥ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ እኔ መሐል ቆምኩ።

«እንዝርቱን አስቀምጡት» አልኩ። «የዛሬው ሥራ ሽመና ነው።»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገሩ። አንዷ አታለልሽን አለች። አንዷ ይሄኔ ባሌ ሰምቷል አለች። የአባይነህ ሚስት ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች፤ ልትሄድ ነው። ጠጄ ከሁሉም በላይ ተቆጣች፤ «ጠላ ስጠምቅልሽ እንኳ አልነገርሽኝም!» አለች። እውነቷን ነው፤ አልነገርኳትም። አንዲት ከወጣች ሁሉም ተከትለዋት እንደሚወጡ አውቄያለሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አልኩ። «ጠጉራችሁን ስፈትልላችሁ መርጫለሁ? ይሄኛው ቆሻሻ ነው፣ ያኛው አጭር ነው ብያለሁ? ያዘዛችሁኝን ሠራሁ። እኔም ዛሬ የማዝዘው ይሄን ነው። አልሠራም የምትል ትሂድ፤ ግን ወንፈሌን በልታ እንደሄደች ትወቅ።»

እትዬ አስካለ ማርያም እስካሁን አልተናገሩም። እንዝርታቸውን ግድግዳው ሥር አስቀመጡ። ተነሡና ጉድጓዱን አጎንብሰው አዩት።

«ሱሪ አለሽ?» አሉኝ።

ነበረኝ። ከወዳጆ የተዋስኩትን ሳልመልስ ቀርቼ ነበር። ሴቶቹ ነጠላ ዘርግተው ጋረዷቸው፤ እሳቸው ለበሱና በእጃቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ገቡ። እግራቸው መርገጫውን ፈለገና አገኘው። ድሩ ሲከፈት መወርወሪያውን ሰጠኋቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወረውሩት መሐል ላይ ቀረ። ሁለተኛው አለፈ። ከዚያ ቀና ብለው «ይሄን ያህል ነው እንዴ?» አሉ። በሳቃችን የመጋዘኑ ጣሪያ ሊነሣ ደረሰ። የአባይነህ ሚስት ነጠላዋን አወለቀች።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሆነ። ውጪ ችካል ተክለን ድር የሚዘረጉት ዘረጉ፤ ማግ የሚያጠነጥኑት አጠነጠኑ፤ ጉድጓዱ ውስጥ በየተራ ተገባ። ምሳ እንደበላን ጋሼ ኃይለመስቀል በሩን ሞልተው ቆሙ። ወሬው ደርሷቸዋል። ሚስታቸው ተራቸው ደርሶ እንደገና ጉድጓዱ ውስጥ ነበሩ።

«አስካለ! ነይ ውጪ ከዚያ!»

«ወንፈል ላይ ነኝ» አሉ እትዬ አስካለ ሳይዞሩ። «ሲመሽ እመጣለሁ።»

ወንፈል ላይ ያለን ሰው ጎትቶ ማውጣት ለሳቸውም አይሆንላቸውም። ቢናገሩ ለአገር ወሬ፣ ቢሄዱ ሽንፈት ሆነባቸው መሰለኝ በሩ ላይ እንደቆሙ የሚስታቸውን እጅ ማየት ጀመሩ። ቆዩ። በመጨረሻ አልቻሉም።

«ማጉን አላልተሽዋል» አሉ። «ጠበቅ አድርገሽ ምቺው።»

እትዬ አስካለ ጠበቅ አድርገው መቱት። ጋሼ ኃይለመስቀል ዞረው ሄዱ።

ጓድ አፈወርቅ አሥር ሰዓት ገደማ በበቅሎ ደረሰ። ዞሮ አየ፤ ሴቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ባናውን ገልብጦ አየ። ፊቱ በራ። «እጅግ ጥሩ፣ ጓዲት ጌታነሽ» አለኝ። ስሜን ከእነጓዲቱ ሲጠራኝ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ ወደ እትዬ አስካለ ጎንበስ ብሎ ለወጉ ያህል ጠየቀ።

«እትዬ፣ ነገም ሥልጠናውን ይቀጥላሉ?»

«ነገ?» አሉ እትዬ አስካለ። «ነገ ወንፈል የለብኝም።»

የበራው ፊት ጠፋ። «ወንፈል ምንድነው?» ብሎ ወደ ሌሎቹ ዞረ። አባይነህ ጆሮው ጥግ ተጠግቶ አስረዳው። በዚያች ሰዓት እትዬ አስካለን ብነክሳቸው ደስ ይለኝ ነበር። አንዲት ቃል፣ «አዎ» ቢሉ ምን አለበት? ግን ሴትዮዋ ዋሽተው አያውቁም፤ በኔ ሊጀምሩ አይችሉም።

«ጓዲት፣ ይሄ ሥልጠና ነው ወይስ ወንፈል?»

«ሁለቱም ነው» አልኩት።

«የኔ መመሪያ ወንፈል የሚባል አያውቅም።» ደከመው፤ ሳለ። «ዛሬ ሊቀመንበሩ ቤት አድራለሁ። ነገ ጠዋት ከመሄዴ በፊት በዚህ አልፋለሁ። ማንም ሳይጠራቸው ከመጡ መሣሪያው ይቀራል። ካልሆነ በሁለተኛዋ በቅሎ ጭኜው እሄዳለሁ። የሚጠብቁት ሌሎች ቀበሌዎች አሉ።»

ሴቶቹ እየተሰናበቱ ወጡ። ኑ ብዬ ልለምናቸው እችል ነበር። ጠጄ «ምነው፣ አንድ ቃል ተናገሪ እንጂ» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ማንም ሳይጠራቸው ነው የተባለው፤ ደግሞስ ለምኜ የማመጣት ሴት መቼ ልትበረታልኝ ነው።

ጠዋት ሜዳው ሁሉ ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኖ ነበር። ጾመ ነቢያት የሚገባበት ዕለት ነው፤ ቅዳሴው ገና አልወጣም። ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁና ሥራዬን ጀመርኩ። እጄ በብርድ አልታዘዝ ቢለኝም መወርወሪያውን አላቆምኩትም። ጓድ አፈወርቅ ጋቢ ተደርቦለት ከአባይነህ ጋር መጣ። ሁለተኛዋ በቅሎ ባዶ ኮርቻዋን ይዛ ከኋላ ትሳባለች። መጋዘኑን አየ። ከእኔ በቀር ማንም የለም።

«አዝናለሁ» አለ። ያዘነም ይመስላል።

አባይነህ መሣሪያው የታሰረበትን ገመድ ሊፈታ እጁን ወደ ዓምዱ ሰደደ።

«አባይነህ፣ እጅህን መልስ!» አልኩ። «እኔ እዚህ ውስጥ ነኝ። መሣሪያውን የምትነቅሉት መጀመሪያ እኔን ከጉድጓዱ ነቅላችሁ ነው።»

«ጌታነሽ፣ ይሄ የመንግሥት ንብረት ነው…»

«እኔስ የማን ነኝ? ጤነኛና ብቁ ሰው ስጡኝ ሲል የሰጠኸው እኔን አይደል? ይኸው ብቁ ሆኜ ተመለስኩ። አልወጣም!»

መርገጫውን ረገጥኩ፤ መወርወሪያውን ወረወርኩ። አባይነህ ጓድ አፈወርቅን አየ፤ ጓድ አፈወርቅ በቅሎዋን አየ። ማንም መጀመር አልፈለገም።

በዚህ መሐል ውጪ ውርጩ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። እትዬ አስካለ ማርያም ገቡ። እንዝርት አልያዙም። የባላቸውን አሮጌ ሱሪ ከቀሚሳቸው ሥር ታጥቀው ነው የመጡት። ከኋላቸው ጠጄ፣ ከጠጄ ኋላ የአባይነህ ሚስት፤ ሚስቱን ሲያይ አባይነህ እጁን ከገመዱ ላይ አነሣ። ሌሎቹም በቁልቁለቱ ተከታትለው እየመጡ ነበር።

«ማን ጠራዎት?» አለ ጓድ አፈወርቅ።

«ማንም። የትናንቱን ወንፈል መልሼ ጨርሻለሁ። የዛሬው እኔ በፈቃዴ የምገባላት አዲስ ወንፈል ነው» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ሁላችንም እንደዚያው ነን። የአሥራችንንም ቀን ትመልሺያለሽ።»

«እመልሳለሁ» አልኩ። እንባዬ ወርዶ ድሩ ላይ ተንጠባጠበ፤ ልጠርገውም አልቻልኩ። «የርስዎን ምን ልሥራ እትዬ? ጠጉር ልፍተልልዎት?»

«ፈትልማ ስፈትል አርጅቼ የለ። መቆፈሪያሽን ይዘሽ ትመጫለሽ። እቤቴ፣ ከኃይለመስቀል ጉድጓድ ጎን፣ የኔን ጉድጓድ ትቆፍሪልኛለሽ።»

ጓድ አፈወርቅ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አባይነህ በቅሎዋን ወደ ውጪ መለሳት። እኔ ከጉድጓዱ ወጣሁ፤ እትዬ አስካለ ገቡ።